በባህር ሄድኩ

ግራና ውስጥ ሰው ከአገር የሚወጣው በሁለት መንገድ ነው፤ በቦሌ ወይ በባህር። «የእገሌ ልጅ ሄደ» ሲባል ቀጣዩ ጥያቄ «ወዴት?» አይደለም። ወዴትማ ይታወቃል፣ ሳውዲ ነዋ! ጥያቄው «በምን?» ነው። «በቦሌ» ከተባለ የሰዉ ፊት ይፈታል፤ ፓስፖርት አለ፣ ቪዛ አለ፣ ኤጀንሲ አለ፣ ቢያንስ ቢያንስ የሚከሰስ ሰው አለ ማለት ነው። «በባህር» ከተባለ ግን ቡና የምትቀዳዋ ሴት እጅ ትንሽ ይዘገያል። ከዚያ አንዱ «አላህ ያሻግረው» ይላል፣ ሌላው «አሚን» ይላል፣ ወሬውም ይቀጥላል።

ግራናን ለማታውቁት (አብዛኞቻችሁ እንደማታውቋት እገምታለሁ፤ አይፈረድባችሁም) ሰሜን ወሎ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ መርሳ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም በመስኮት ብርቱካን የሚያቀርቡላችሁ ልጆች ትዝ አሏችሁ? እሱ ሰፈር ነው። ውሃ የማይቸግረው አገር ነው። «የቆቦ ግራና ሸለቆ ልማት» የሚባለው የመስኖ ፕሮግራም ግማሽ ስሙን የወሰደው ከእኛ ነው። ሽንኩርቱም፣ ማንጎውም፣ ፓፓያውም ቦይ ውሃ ጠጥቶ ነው የሚያድገው።

እኔ አዲስ አበባ ባድግም ክረምት ክረምት አክስቴ ቤት ነበር የምላከው፤ ዋና የተማርኩትም እዚያው ወንዝ ውስጥ ነው። ያስተማረኝ የአክስቴ ልጅ ነው፤ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ወንዙ የሚጠልቅበትን፣ ውሃው ቆመን እስከ አገጫችን የሚደርስበትን ቦታ «ባህሩ» ነበር የምንለው። «ዛሬ ባህሩን እናቋርጥ?» ይለኛል። ስፋቱ ቢበዛ አሥር ክንድ ቢሆን ነው።

እናላችሁ፣ በ2017 ታኅሣሥ ላይ እኔ በሦስተኛ መንገድ ሄድኩ። በባህር፣ ለሽርሽር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ዕቃ አስተላላፊ ቤት ውስጥ ነው (ትራንዚት ነው የሚባለው)። ለእኛ ሙያ ሰዎች ጅቡቲ ማለት ለገበሬ ክረምት እንደማለት ነው፤ በ1990 ጦርነቱ ተነስቶ አሰብ ከቀረብን ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ዕቃ አብዛኛው የሚገባው በዚያ ነው። ለአንድ ሳምንት ሥራ ተላክሁና ለቡ ላይ ባቡር ተሳፍሬ ወረድኩ። ዓርብ እዚያ የዕረፍት ቀን ነው። ጅቡቲ የሰነበተ ባልደረባዬ ሐሙስ ማታ ደውሎ «ነገ ሙሻ ደሴት የሚሄድ የሸራ ጀልባ አለ፣ ሁለት ቦታ ተርፎታል፣ በቅናሽ» አለኝ። «በቅናሽ» የሚለውን ቃል ሰምቶ የሚያልፍ የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ።

ቦታው የተረፈው ከፈረንጆች ነው። በዕለቱ ወደቡ ላይ አንድ ክሩዝ መርከብ ቆሟል። ባለብዙ ፎቅ ሆቴል ከነመዋኛ ገንዳው ባህር ላይ ሲሄድ አስቡት፤ ክሩዝ ማለት እሱ ነው። ተሳፋሪዎቹ ከአገር አገር ሲዞሩ በየወደቡ ለጥቂት ሰዓት ይወርዳሉ፤ ያቺን ጥቂት ሰዓት ደግሞ ቆራርጠው ይሸጡላቸዋል። አንዱ አሳል የሚባለውን ጨው ሐይቅ አይቶ ይመለሳል፣ አንዱ ከተማ ይዞራል፣ አንዱ በሸራ ጀልባ ሄዶ ስኖርክሊንግ ያደርጋል። ለሸራ ጀልባው 12 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። እኔና ባልደረባዬ ስንጨመር 14። ይቺን 14 ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ጀልባዋ ዳው የምትባለው የዐረብ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሞተርም ሸራም አላት። ከመነሳታችን በፊት ግን ግማሽ ሰዓት የፈጀ ሥነ ሥርዓት ነበር። ካፒቴኑ ለእያንዳንዳችን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ሰጠ። ሰጥቶ ዝም አላለም፤ እየዞረ ማሰሪያውን ራሱ ጎተት ጎተት አድርጎ አየ። ዋና የማይችል ማን ነው? የልብ ሕመም ያለበት? ባህር የሚያዞረው? መድኃኒት የሚወስድ? ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ በፈረንሳይኛ ቆጠረን። ረዳቱም ቆጠረን። ወረቀት ላይ ተጻፈ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ተቆጥሬ አላውቅም፤ ሚኒባስ ውስጥ እንኳ ወያላው የሚቆጥረው ሳንቲሙን ነው።

ከወደቡ ራቅ ስንል ሞተሩ ጠፋ፣ ሸራው ተሰቀለ። ነፋሱ ሸራውን ሲሞላው ጀልባዋ እንደ ሰጋር በቅሎ ሆነች፤ አትዘልም፣ አትንገጫገጭም፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። አጠገቤ የተቀመጡት ፀጉራቸው ነጭ የሆነ ሴትዮ ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ።

«ከኢትዮጵያ።»

«ኢትዮጵያ ባህር አላት?»

«እስከ 1993 ነበራት» አልኳቸው በእነሱ አቆጣጠር።

«ከዚያ ምን ሆነ?»

ይሄ እንግዲህ የስድስት ሰዓት ቆይታ ላለው ቱሪስት የሚነገር ነገር አይደለም። «ረጅም ነው» ብዬ አለፍኩት። እሳቸውም ጨዋ ናቸው፣ ወደ ውሃው ዞሩ።

ሙሻ ትንሽ፣ ዝቅ ያለች፣ የኮራልና የአሸዋ ደሴት ናት። ስለእሷ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ፤ በፈረንጆች 1840 እንግሊዞች ከታጁራ ሱልጣን ላይ የገዟት በአሥር ጆንያ ሩዝ ነው ይባላል። በኋላ ለፈረንሳይ ለቀቁላት። አሥር ጆንያ! ዛሬ እኛ ቤት አንድ ኮንቴይነር ወደብ ላይ በዘገየ ቁጥር የሚቆጥረውን የኪራይ ሂሳብ የሚያውቅ ሰው ይሄን ሲሰማ ሳቁን አይችለውም።

ስኖርክሊንግ ለማታውቁ፦ ዓይንና አፍንጫን የሚሸፍን መነጽር፣ አፍ ላይ የሚነከስ ቱቦ፣ እግር ላይ እንደ ዳክዬ የሚሰፋ ጫማ። ውሃው ላይ በደረታችሁ ትተኛላችሁ፣ ፊታችሁን ትነክራላችሁ፣ በቱቦው ትተነፍሳላችሁ። መነጽሩ እንዳይደበዝዝ ምራቅ ትተፉበትና ታሹታላችሁ (አዎ፣ ፈረንጆቹም ተፉ)። ከባዱ መተኛቱ አይደለም፤ ጨዋማ ውሃ እንደ ወንዝ አይደለም፣ ራሱ ይሸከማችኋል። ከባዱ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ መተንፈስ ነው። አንጎል እምቢ ይላል። የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እንደ ሯጭ ነው ያለከለክሁት።

ከዚያ ግን ተወኝ። ምን ልበላችሁ… ታች ሌላ አገር አለ። ቢጫ ዓሣ በመንጋ ይሄዳል፣ ሰማያዊ፣ ባለመስመር፤ አፉ የበቀቀን ምንቃር የሚመስል ትልቅ ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ይግጣል። ሲግጥ ድምፁ ይሰማል! ቆሎ የሚቆረጥም ሰው አጠገባችሁ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ውሃ ውስጥ ጸጥታ ነው ያላችሁ ማን ነው?

ኮራሉ የሚያልቅበት ቦታ ደረስኩ። እስከዚያ ድረስ ታች አሸዋው፣ ድንጋዩ፣ የራሴ ጥላ ሳይቀር ይታየኝ ነበር። ድንገት መሬቱ ቁልቁል ወረደና ጠፋ። ሰማያዊ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ ጥቁር ሰማያዊ፤ ከዚያ ምንም። ጃኬት ለብሻለሁ፣ ጀልባዋ ሃምሳ ሜትር ላይ ናት፣ የካፒቴኑ ረዳት ከኋላዬ ይዋኛል። ያም ሆኖ ሆዴ ተገለበጠ። ዞሬ ዓሣዎቹ ወዳሉበት ተመለስኩ።

ሻይ ሲቀርብ ካፒቴኑ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠና «አበሻ ናችሁ አይደል?» አለ በጥርት ያለ አማርኛ። ጅቡቲ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ በአማርኛ ሰው ማማት አይመከርም። እሱ ልጅ ሆኖ ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ኖሯል። አፋር ነው፤ ያደገው ደግሞ ኦቦክ፣ ከባህረ ሰላጤው ማዶ በሰሜን በኩል።

«አንተ ከየት ነህ?» አለኝ።

«ወሎ።»

«ወሎ የት?»

«ሀብሩ… ግራና የምትባል…»

«ግራናን አውቃታለሁ» አለ።

አዲስ አበባ ውስጥ ግራናን የሚያውቅ ሰው ለማግኘት ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል መሰላችሁ? ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ እንኳ ማስረዳት ሲሰለቸኝ «ወልድያ ነኝ» እል ነበር። ኦቦክ ያደገ ጀልባ ነጂ ግን ያውቃታል። ሄዶባት አይደለም። ልጆቿ በደጁ ስለሚያልፉ ነው። «ሀብሩ፣ ቆቦ፣ ራያ፣ ባቲ፣ ከሚሴ…» ብሎ እንደ ወያላ ዘረዘረልኝ። አፋርን አቋርጠው፣ በአሳል በኩል፣ በታጁራ በኩል በእግራቸው ይመጣሉ። «ውሃ ነው የሚጠይቁን» አለ። «ገንዘብ አይጠይቁም፣ ምግብ አይጠይቁም። ውሃ ብቻ።»

«ጀልባው ላይ ስንት ሰው ነው የሚጭኑት?» አልኩት።

ሻዩን አስቀመጠ። «ማን ይቆጥራል? በሌሊት ነው። ሲሞላ ይሄዳሉ፤ ከሞላም በኋላ ይጨምራሉ።»

ወዲያው የመነሻ ሰዓት ደረሰና ቆጠረን። 13 ሆነ።

እንደገና ቆጠረ። 13። ረዳቱ ቆጠረ፣ 13። የካፒቴኑ ፊት ተለወጠ፤ ቅድም ሲቀልድ የነበረው ሰውዬ አይመስልም። ረዳቱ ዘሎ ውሃ ውስጥ ገባ። ሌላ ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ ተጠራች። ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ። መርከቡ ሰዓቱ ሲደርስ ጥሏቸው እንደሚሄድ ሁሉም ያውቃል፤ አንድም ሰው ግን «እንሂድ» አላለም። አሥር ደቂቃ ይሆናል። ከዚያ የጎደለው ሰውዬ ከደሴቲቱ ሌላኛው ዳርቻ ካሜራውን አንጠልጥሎ ሲመጣ ታየ። ወፍ ፎቶ ሲያነሳ ነበር! ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። ካፒቴኑ ምንም አልተናገረውም፤ ወረቀቱን አውጥቶ 14 ብሎ ጻፈ።

አሁን ስለ አክስቴ ልጅ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሄደው በ2005 ነው፣ በባህር። ተሻገረ፣ ጂዛን ገባ፣ ፍየል ጠበቀ። በ2006 ኅዳር ሳውዲ ያለ ወረቀት ያለውን ሁሉ ጠርጋ ስታስወጣና 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያዊ ሲመለስ እሱም ተመለሰ። «ሲሄድ በባህር፣ ሲመለስ በቦሌ» እያሉ ሰፈር ውስጥ ተሳሳቁበት። እሱም ይስቅ ነበር። አምስት ዓመት ሽንኩርት ተከለ። ሽንኩርት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም የተከለ ዓመት ዋጋው ጉድጓድ ይገባል፣ ማንም ያልተከለ ዓመት ሰማይ ይወጣል። እሱ ሁልጊዜ ሁሉም በተከለበት ዓመት ነው የሚተክለው። በ2011 ታኅሣሥ እንደገና ተነሳ። የመጨረሻ ስልኩ «ኦቦክ ደርሰናል፣ አብሽሩ» የሚል ነበር።

ጥር 21 ቀን ኦቦክ አካባቢ፣ ጎዶሪያ ከሚባለው ቦታ የተነሱ ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ። ከ50 በላይ አስከሬን ተገኘ። ከተረፉት አንዱ፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ከ130 ሰዎች ጋር እንደተሳፈረ ተናገረ፤ ስለ ሁለተኛው ጀልባ ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም። የእኛ ልጅ ከእነዚያ ጀልባዎች ባንዱ ነበረ? ስም ዝርዝር የለም። የተሳፈረበት ወረቀት የለም። በሌላ ሌሊት ተሻግሮ የመን እስር ቤት ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ የሆኑ አሉ።

እኛ ስለ ስደት ስናወራ ሊቢያና ሜዲትራኒያን ነው አፋችን የሚመጣው። በዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት ቁጥር፣ በፈረንጆች 2019 ሜዲትራኒያንን አቋርጦ አውሮፓ የገባው ሰው 110 ሺህ ያህል ሲሆን ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን የተሻገረው ከ138 ሺህ በላይ ነው፤ አብዛኛው የእኛ ሰው። መመለሻውም ያው ነው። በ2016 መጋቢት ማለቂያና ሚያዝያ አጋማሽ፣ በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች ጅቡቲ ዳርቻ ተገልብጠው በመጀመሪያው 38፣ በሁለተኛው ከ20 በላይ ሰው ሞተ። ሁለቱም ከየመን ይመለሱ የነበሩ ናቸው። ከእኔ ሽርሽር በኋላ ደግሞ፣ ሐምሌ 2017 መጨረሻ ላይ፣ የመን አብየን አካባቢ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ60 በላይ ሬሳ ተቆጠረ። ልብ ብላችሁ ከሆነ በእነዚህ ዜናዎች ውስጥ «ያህል» እና «ቢያንስ» የሚሉ ቃላት አይጠፉም። ጋዜጠኞቹ ሰንፈው አይደለም፤ ሲሳፈሩ የቆጠራቸው ስለሌለ ነው።

አክስቴ ሰደቃ አላወጣችለትም። ሽማግሌዎች ሄደው ለመኗት፣ «ላልሞተ ሰው ሰደቃ አላወጣም» አለች። ስልክ ቁጥሯንም አትቀይርም፤ እሱ የሚያውቀው ያንን ነው። ጦርነቱ በ2013 መጨረሻ አካባቢውን ይዞት ስትሸሽ ከቤት ይዛ ከወጣችው ነገር አንዱ ያ ስልክ ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ወራት ሁሉ ባገኘችበት እየለመነች ቻርጅ ታደርገው ነበር።

ጃኬቴን ለብሼ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ የተነሳሁትን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጥፌው ነበር። ታናሽየው ልጇ አሳይቷት ደወለች።

«ባህር ገባህ አሉ?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«ውሃው እንዴት ነው?»

ምን ይባላል? አክስቴ በሕይወቷ ያየችው ትልቁ ውሃ ሐይቅ ነው፤ ያ የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት፣ «ሐይቅ» የሚለው ስሙ ራሱ ሐይቅ የሆነው የእኛው የወሎ ውሃ። ለዘመድ ጥየቃ ሄዳ ዳር ቆማ አይታዋለች። «ከሐይቅ ይበልጣል?» አለችኝ። ይበልጣል አልኳት። «ታቹ ይታያል?» ዳር ዳሩ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ አይታይም አልኳት። «ታች ምን አለ?» ስለ ዓሣዎቹ ነገርኳት። ስለ ቢጫዎቹ፣ ስለዚያ ቆሎ ስለሚቆረጥመው። ዝም ብላ ሰማችኝ። «ያምራል በለኛ» አለች። አዎ አልኳት። «ይሁን» አለችና የቤተሰቡን ደኅንነት ጠይቃኝ ዘጋች።

ታናሽየው አሁን 17 ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት በቴሌግራም ያንኑ ፎቶ መልሶ ላከልኝ፤ ጃኬቱ ላይ በቀይ ክብ ተሠርቶበታል። «ወንድምዓለም፣ ይቺ ብርቱካናማ ስንት ትገዛለች? ሁለት ነው የምንፈልገው» ይላል። ሁለተኛው የጎረቤት ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «አልገዛም፤ ከገዛሁ እኔ ነኝ የሰደድኩት» የሚል ነበር። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «ባልገዛ ይቀራል ወይ?» የሚል። ወንድሙን የወሰደው መንገድ እንደሆነ ያውቃል እኮ! ከማናችንም በላይ ያውቃል። እናቱ አንድ ስልክ ስትጠብቅ እያየ ነው ያደገው። «የስደትን አስከፊነት» በሚል ርዕስ ስብሰባ ጠርታችሁ የምትነግሩት አዲስ ነገር የለም፤ ሽንኩርቱን በስንት እንደሸጠ ብትጠይቁት ይሻላል።

ደወልኩለት። ስለ ጃኬቱ አላነሳሁም፤ ስለ ትምህርት፣ ስለ መርሳ፣ ስለ ሥራ አወራሁ። መንገዱ የት እንደሚያመራ ገብቶታል፤ አቋረጠኝ።

«አብሽር፣ እኔ ዋና እችላለሁ። ባህሩን አቋርጬዋለሁ እኮ።»

«የቱን ባህር?»

«የኛን ነዋ» አለኝ። «የወንዙን።»

ለቅዳሜ የመርሳ ትኬት ቆርጫለሁ። ለአክስቴ እንዲሁ ልጠይቃችሁ እመጣለሁ ብያታለሁ፤ ብርቱካን ታስለቅማለች።